ከቆርቆሮው ሣጥን የወጣው ወረቀት

ከወይን እርሻው፣ ኦሬንጅ ወንዝ ዳር
ኖቬምበር 16 ቀን 1997

ይድረስ ለታላቄ ለታይሚ፣

ከሰላምታው በፊት ትንሽ ልሳቅብሽ። «ጣሪያ አላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አለን እንጂ! ከወንዙ ዳር ያጨድነው ሸምበቆ ነው። ግድግዳውም ሸምበቆ፣ በሩም ሸምበቆ። ጎረቤቴ ስታስነጥስ እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርሽ» እላታለሁ። ነፋስ የተነሳ ቀን ጎጆው ሁሉ እንደ ሰው ያቃስታል።

ወይን እንደ ልብ ይበላል ወይ ላልሽው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በልተን በልተን ሆዳችን አመፀ። አሁን የወደቀ ዘለላ ሳይ ረግጬው እንዳላዳልጥ ብቻ ነው የምጠነቀቀው። የሚናፍቀኝ ያንቺ የማሃንጉ ገንፎ ነው።

እናታችን ሜሜስ እንዴት ናት? ሳሉ ተዋት? ዝናቡ ቀደመ ወይስ ዘንድሮም ሰማዩ እያስጎመጃችሁ ነው? በእርሻ ወቅት ጥያችሁ መምጣቴ ይቆጨኛል። የኔን ድርሻ መሬት አንቺ እየቆፈርሽው እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እዚህ የምንሠራው ፍሬው እንዳይተፋፈግ ዘለላውን በትንሽ መቀስ ማሳሳት ነው። ባለፈው ሳምንት ፎርማኑ ፍሬድሪክስ ከረድፉ ጫፍ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «አንቺ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

«እንግዲያው ቢያስተምሩሽ ምን ልትሆኚ ነው!» ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ ጠርቶ ነገረኝ። ለወቅት ሠራተኞች በየዓመቱ የሚከፈት ሥልጠና አለ። አሥር ወር ነው፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር። ወይን መግረዝ፣ የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ማዳቀል፣ የመስኖ ቧንቧ መዘርጋት ያስተምራሉ። ከየአካባቢው የሚወስዱት ሁለት ሰው ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የጨረሰ ሰው ከወቅት ሠራተኛነት ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ ይቀጠራል፤ የጡብ ቤት ይሰጠዋል። ታይሚ፣ የጡብ ቤት! ሜሜን አምጥቼ ሳል የማያውቃት ደረቅ አገር ላይ አኖራታለሁ ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ማመልከቻው የሚገባው በየሰው አገር ነው፤ የኛው ኦውታፒ ያለው ጽሕፈት ቤት። ፎርማኑ የጻፈልኝን የድጋፍ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በሜሜ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴና የጥምቀት ወረቀቴ አሉ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርገሽ ከዲሴምበር 15 በፊት አስገቢልኝ። ይህን ላንቺ የምሰጠው ሌላ የማምነው አጥቼ አይደለም፤ አንቺ እያለሽ ሌላ መፈለግ አስፈልጎኝ ስለማያውቅ ነው።

የአሥረኛ ክፍልን ነገር ሳነሳብሽ ከከፋሽ ይቅር በዪኝ።

ታናሽሽ ፓንዱ


ኦካሎንጎ፣ እቤት
ዲሴምበር 7 ቀን 1997

ለታናሼ ለፓንዱ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለምታስነጥሰው ጎረቤትሽም ጭምር።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን የአውቶቡሱ ሾፌር ራሱ ቤት ድረስ አመጣው፤ ሁለተኛው ከፖስታ ቤት ነው የመጣው። ለሜሜ አነበብኩላት። የመጀመሪያውን ሁለቴ አስነበበችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ስለ ሥልጠናው ጋ ስደርስ እጇን አንሥታ፣ «እስቲ እዚያ ላይ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ በሩን ስታይ ቆየች።

ሳሉ እንዳለ ነው። ዝናቡ አንዴ መጥቶ ሄዷል። ዘሩ በቅሏል፤ አረሙም አብሮት። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ እንዳልኩ ነኝ።

ወረቀቱ ምን ደረሰ ላልሽው፣ ኦውታፒ ሄጄ ነበር። ስድስት ሰዓት በእግሬ ከሄድኩ በኋላ ነው መኪና ያገኘሁት። ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች ተቀበለችኝ። ወረቀቱን አየችና፣ «ባለቤቷ የታለች?» አለች።

«ደቡብ፣ ወይን ትለቅማለች» አልኳት።

«ታዲያ እኔ ወይን ለቃሚ ልጠብቅ? ባለቤቷ ራሷ ትምጣ። ወላጅም የሚፈርመው ቅጽ አለ፤ ያም ይሞላ» ብላ ወረቀቶቹን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አስተካክዬዋለሁ። አታስቢ።

ተቀይመሽኛል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በምን እቀየማለሁ? ሦስት ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ከብት ስጠብቅ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ትምህርት ቤት ብገባም፣ ካንቺ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። ያን ሰሞን ሜሜ ስትታመም አንዳችን መቅረት ነበረብን፤ እኔ ቀረሁ። ሁለቱን ፈተና ለምን እንዳልተፈተንኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ መንደሩም ያውቃል። ወረቀቱ ግን አያውቅም። ወረቀቱ የሚለው «ወድቃለች» ብቻ ነው።

በያ፣ ጣትሽን በመቀስ እንዳትቆርጪ።

ታይሚ


ከወይን እርሻው
ዲሴምበር 28 ቀን 1997

ለታይሚ፣

መልካም ገና። እኛ ገናን ያከበርነው በማሸጊያ ቤቱ ነው። ወይኑ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት መርከብ ላይ መድረስ አለበት ተብሎ እሑድም ሰኞም የለም። በበዓሉ ቀን ለየሰዉ አንድ አንድ ዶሮ ሰጡን። ከካቫንጎ የመጡት ሴቶች ጨፈሩ፤ እኔም ወገቤ እየጮኸ ጨፈርኩ።

ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ለቆኛል። ሙቀቱ ግን ሰው ይጠብሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከኤንሃና የመጣ ሃፌኒ የሚባል ሰው አብሮኝ ያሽጋል። እሱም ለሥልጠናው አመልክቶ ነበር፤ ከትናንት በስቲያ «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ሚስቱ ላከችለት። ያን ወረቀት እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሚዞረው። «አንቺስ?» ይለኛል ደጋግሞ። «የኛ ጽሕፈት ቤት ቀርፋፋ ነው» እለዋለሁ።

«ቀርፋፋ ቢሆንማ ጥሩ ነበር፤ የተኛ እንዳይሆን!» ብሎ ይስቅብኛል።

ታይሚ፣ «አስተካክዬዋለሁ» ብለሽ ብቻ አለፍሽው። እንዴት ነው ያስተካከልሽው? እኔ በሌለሁበት ተቀበሉሽ? የሰጡሽ ደረሰኝ ካለ ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ፎርማኑ ስልክ ደውሎ ሊጠይቅልኝ ፈቃደኛ ነው። ስጨቀጭቅሽ ታገሺኝ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሜሜን ሳሚልኝ።

ፓንዱ


ኦካሎንጎ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1998

ለፓንዱ፣

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ የኔም መልስ ዘገየ። ይቅርታ።

ደረሰኝ አልሰጡኝም። ከጽሕፈት ቤቱም የመጣ ነገር የለም። የአመልካቹ ብዛት አይጣል ነው ይላሉ። ፎርማኑን ባታስቸግሪው ይሻላል፤ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው አይወዱም።

እኔም ሥራ አግኝቻለሁ። ኦትጂዋሮንጎ ከተማ አንዲት ነርስ ልጅ ጠባቂ ፈልጋ ነበር፤ በዚህ ወር መጨረሻ እሄዳለሁ። አድራሻዬን ገና አላውቀውም፤ ሳውቅ እልክልሻለሁ። እስከዚያ ለሜሜ ጻፊላት። ጎረቤታችን ታተ ኤራስተስ ያነብላታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ማሳውን አንድ ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ለሁለተኛው የአክስታችን ልጆች ይመጣሉ።

ዘንድሮ ባይሆን ሌላ ዓመት አለ። ወይን በየዓመቱ ያፈራል።

ታይሚ


ከወይን እርሻው
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1998

ለታይሚ፣ በሜሜ በኩል
(ታተ ኤራስተስ፣ እባክዎ ይህን ለሜሜ ካነበቡላት በኋላ ታይሚ ወዳለችበት ይላኩልኝ።)

ታላቄ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ለቀማው አልቋል። አብዛኛው ሰው በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ሄዷል። እኔ ግን ፎርማኑ የቀረውን እርሻ እንድናጸዳ ካስቀራቸው ሠላሳ ሰዎች አንዷ ሆኜ ቀረሁ። ባለፈው ሐሙስ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ዝርዝር አንሥቶ፣ «ሃይምቦዲ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለኝ።

«አጥር እያጠበቅሁ ነበር፣ ጌታዬ» አልኩት።

«እሱን አይደለም። ትምህርቱ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ስምሽ ይኸው። ንዳፓንዱላ ሃይምቦዲ፣ ኦካሎንጎ። ተመዝግባለች ይላል። ስምሽ እዚያ፣ አንቺ እዚህ?»

በዓይኔ አየሁት። የልደት ቀኔ ሳይቀር ትክክል ነው። ፎርማኑ ጭንቅላቱን አከከና፣ «አንድ ሰው ለብሶሻል፣ ልጄ» አለኝ።

ታይሚ፣ ወረቀቴን ሸጠውታል! ያቺ ጥፍሯን የምትሞርደው ጸሐፊ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። አንቺ መልኳን አይተሻታል። ስሟን ታውቂዋለሽ? ወረቀቱን ስትሰጫት አጠገቧ ሌላ ሴት ነበረች? የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፊልኝ። ኦውታፒ ድረስ ሄደሽ ብትመሰክሪልኝ ነርሷ ጥቂት ቀን ትፈቅድልሽ ይሆን? ያላንቺ ምስክር የለኝም።

ምግብ አልወርድ ብሎኛል። የማላውቃት ሴት በስሜ እየተጠራች፣ «አቤት» እያለች ትኖራለች።

እህትሽ ፓንዱ


ኦካሎንጎ
ማርች 8 ቀን 1998

ይድረስ ለንዳፓንዱላ፣

ይህ የእናትሽ ቃል ነው። ጽሕፈቱ የታተ ኤራስተስ ነው።

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ተነብቦልኛል። ጸሐፊዋን አትክሰሻት፤ ምንም አላደረገችሽም። ነርስ የምትባል የለችም። ታይሚ ያለችው ማሠልጠኛው ነው። በስምሽ የገባችው እሷ ናት።

ወላጅ የሚፈርመው ቅጽ ላይ ጣቴን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። «ይህች ልጄ ንዳፓንዱላ ናት» የሚለውን አንብባልኝ፣ ገብቶኝ፣ አውቄ ነው ያደረግሁት። አታላኝ አይደለም። በሷ ብቻ እንዳትቆጪ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ስታመም ማን ውሃ እንደቀዳልኝ አስቢ። ማን እንደገለበጠኝ፣ ማን እንዳጠበኝ። ፈተናው ያመለጣት በኔ ምክንያት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ልጅ ጎንበስ ብላ ስታርም ጀርባዋን ሳይ ነው የኖርኩት። አንቺ እግር አለሽ፣ አፍ አለሽ፤ የትም ቢጥሉሽ አትሞቺም። እሷ ግን ከዚህ ማሳ ሌላ መውጫ አልነበራትም። ሁለት ልጅ ያላት እናት አንድ በር ሲከፈት ማንን ታስገባ? እኔ የቀረችውን አስገባሁ።

እንደጎዳሁሽ አውቃለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ዝናቡ ጥሩ ነው። ላሚቱ ወልዳለች።

እናትሽ

(ልጄ ንዳፓንዱላ፣ እኔ ኤራስተስ የጻፍኩት የታዘዝኩትን ብቻ ነው። «ትንሽ አለስልሺው እንጂ» ብላት፣ «አንተ ጻፍ» አለችኝ። ስትናገር አላለቀሰችም። አንተ ስትጽፍ ለምን ታለቅሳለህ ብላ ግን ተቆጣችኝ።)


ከወይን እርሻው
ማርች 22 ቀን 1998

ለታይሚ፣

ፖስታው ላይ «ለንዳፓንዱላ ሃይምቦዲ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሌላ ስም ብጽፍ እንደማይደርስሽ ስለማውቅ ነው። ለራሴ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ምን ያህል ሳቅሽብኝ? «ያላንቺ ምስክር የለኝም» ስልሽ? «ሌላ ዓመት አለ፣ ወይን በየዓመቱ ያፈራል» ብለሽ ስትጽፊ የኔን ወረቀት ሻንጣሽ ውስጥ ከተሽ ነበር? «ጣትሽን በመቀስ እንዳትቆርጪ» ስትዪኝስ?

ብትጠይቂኝ ምን እል እንደነበር ልንገርሽ። እምቢ እልሽ ነበር። ፎርማኑ ያየው የኔን እጅ ነው። ተደባድበን፣ ተኳርፈን፣ የገና በዓል ሳይደርስ እንታረቅ ነበር። አንቺ ግን ያንን እንኳ አልተውሽልኝም። እምቢ የምልበትን ቀን ሰረቅሽኝ።

የሜሜን ነገር አላነሳም። አልቻልኩም።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መልሺልኝ። ጠዋት ስም ሲጠሩ «አቤት» ስትዪ ምን ይሰማሻል?

ፈራሚዋ ስም የላትም፤ አንቺ ጋ ነው ያለው።


ከማሠልጠኛው
ኤፕሪል 12 ቀን 1998

ለፓንዱ፣

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ንዳፓንዱላ» ሲሉ ዞር ብዬ አንቺን እፈልግ ነበር። ቆይቶ ተውኩት። አሁን ወዲያው «አቤት» እላለሁ። እውነቱን ስለፈለግሽ ነው የምነግርሽ፤ ደስ ይለኛል።

አልሳቅሁብሽም። ጸሐፊዋ «ባለቤቷ ትምጣ» ብላ ስትመልሰኝ ወደ ቤት እየሄድኩ አለቀስኩ፤ ላንቺ ነበር ያለቀስኩት። የነገርኩሽ ያ ሁሉ እውነት ነው። ያልነገርኩሽ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሼ መሄዴን ነው። ሌላ ጸሐፊ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ፣ ቀና ሳትል፣ «ንዳፓንዱላ አንቺ ነሽ?» አለች። አንድ ቃል ነው፣ ፓንዱ። አንድ ቃል። «ነኝ» አልኩ። ከዚያ ቅጹን ይዤ ለሜሜ ስነግራት ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጣቷን ዘረጋችልኝ።

አንቺ ፈተናሽን ጨርሰሽ ከአዳሪ ቤት የመጣሽ ቀን ታስታውሺያለሽ? ስለ ጥያቄዎቹ አወራሽልን። የሒሳቡ እንዲህ ነበር፣ የእንግሊዝኛው እንዲህ ነበር ብለሽ። እኔ የሜሜን ጨርቅ እያጠብኩ እሰማሽ ነበር። «አንቺስ?» አላልሽኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ፣ አንድ ቀን እንኳ። «ከከፋሽ ይቅር በዪኝ» ብለሽ በደብዳቤ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው ካለፍሽ በስተቀር።

ይህ ያደረግሁትን አያጸዳውም። አውቃለሁ። ግን ብቻሽን የተበደልሽ አይምሰልሽ።

አሁን እለምንሻለሁ። እስከ ኖቬምበር ዝም በዪልኝ። ስጨርስ ወረቀቱ ያንቺን ስም ይዞ ነው የሚወጣው፤ እሰጥሻለሁ። ከተናገርሽ ግን ሜሜም አለችበት። ጣቷ ቅጹ ላይ ነው።

ታይሚ


ኦካሎንጎ፣ እቤት
ሜይ 31 ቀን 1998

ለፓንዱ፣

በኤፕሪል ለጻፍኩልሽ መልስ አልሰጠሽኝም፤ ራስሽ ማሠልጠኛው ድረስ መጣሽ። በሩ ላይ ስንለያይ «ለምን ተናገርሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አሁን ልመልስልሽ።

ባዶ ካርቶን በጫነው መኪና ላይ ቆመሽ ስትመጪ ከችግኝ ጣቢያው አየሁሽ። ቀሚስሽ አቧራ ለብሷል። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። የማሠልጠኛው ዳይሬክተር ሁለታችንንም ቢሮዋ አስገብታ፣ «ከእናንተ ንዳፓንዱላ ሃይምቦዲ ማናት?» ስትል፣ «እኔ ነኝ» ያልኩት አስቤ አልነበረም። አፌ ለምዶት ነው። አንቺም «እኔ ነኝ» አልሽ። ሁለት ድምፅ፣ አንድ ስም።

የእናታችንን ስም ጠየቀችን፤ ሁለታችንም አወቅን። ያጠመቀንን ቄስ ጠየቀች፤ አወቅን። የልደት ቀንሽን ጠየቀች፤ እኔ ቀድሜ መለስኩ። ያኔ ያየሽኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ምስክር ወረቀቱን አወጣች። ግርጌው ላይ የባለቤቱ ፊርማ አለ። «ሁለታችሁም ፈርሙ» አለች።

ብዕሩን መጀመሪያ ለኔ ሰጠችኝ። አራት ወር ሙሉ ፊርማሽን ስለማመድ ነበር የኖርኩት፤ ቁርጥ አንቺን ሆኖ ወጣ። አንቺ ስትፈርሚ እጅሽ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ቀን መኪና ላይ የቆመ ሰው እጅ ነው፤ የተናደደ ሰው እጅ ነው። ፊርማሽ ራስሽን አልመሰለም። ዳይሬክተሯ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ወዳንቺ ዞረች። «ልጄ፣ በሰው ስም መነገድ ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለችሽ። ላንቺ! አንቺን!

አሸንፌ ነበር፣ ፓንዱ። ዝም ብል ኖሮ የሚያወጡሽ በዘበኛ ነበር። አንቺ ደግሞ አልጮህሽም። ጣቶችሽን ስታዪ ነበር፤ ያንቺ መሆናቸውን የተጠራጠርሽ ይመስል። ስምሽን መውሰድ ችዬ ነበር። አንቺ ራስሽ «እኔ ማን ነኝ?» ስትዪ ማየት ግን አልቻልኩም። «እሷ ናት፤ እኔ ታይሚ ነኝ» አልኩ። ለምን እንደተናገርኩ ያለኝ መልስ ይህ ብቻ ነው። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም።

ዳይሬክተሯ ፖሊስ ያልጠራችው ለሜሜ ዕድሜ ብላ ነው። የዘንድሮው ቦታ ለማንም አልተሰጠም፤ ባዶ ቀርቷል። በመጪው ዓመት አዲስ ወረቀት ይዘሽ እንድታመለክቺ ላንቺም ነግራሻለች።

እዚህ ሁሉም ያውቃል። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ሜሜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ ብላለች። «ትበላለች ወይ?»

ከዚህ ጋር ደብተሬን ልኬልሻለሁ። የአራት ወር ትምህርት ነው፤ የተማርኩትን አንድ ቀን ሳልዘል ጽፌበታለሁ፣ ሥዕሉንም ስያለሁ። የሰረቅሁሽ ይህን ነው፤ የቀረውን ስድስት ወር ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ብታቃጥዪውም መብትሽ ነው።

ታይሚ


ከወይን እርሻው
ኦክቶበር 4 ቀን 1998

ለታይሚ፣

ከጁን ጀምሮ የላክሻቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ያልመለስኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ደብተሩ ደርሷል ወይ ላልሽው፣ ደርሷል። አምስት ሳምንት ከአልጋዬ ሥር እንደታሰረ ቆየ። ሁለት ጊዜ ወደ እሳቱ ይዤው ሄጄ ተመልሻለሁ። በብርዱ ወራት የወይን ግረዛ ላይ ሳለን ፎርማኑ፣ «ማዳቀል የሚችል አለ? ሃያ ግንድ መሞከሪያ እሰጣለሁ» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያው ጎጆዬ ገብቼ ገመዱን ፈታሁት።

ሥዕሎችሽ ጥሩ ናቸው። የቅርንጫፉ ዓይን ያለበትን ግን ዘቅዝቀሽ ስለሽዋል፤ ቡቃያው የሚወጣበት ዓይን ወደ ላይ ማየት አለበት። እንዳንቺ ሥዕል ያደረግኋቸው ሦስቱ ደረቁ። ያንን አስተካክዬ ከሠራኋቸው አሥራ ሰባት አሥራ አራቱ አቆጥቁጠዋል። ፎርማኑ አንድ በአንድ እየዞረ ቆጠራቸው። አዲስ የድጋፍ ደብዳቤም ጽፎልኛል።

በዲሴምበር ራሴ ይዤው ኦውታፒ እሄዳለሁ። በማንም እጅ አልልክም። መንደር ስመጣ የማድረው ታተ ኤራስተስ ቤት ነው፤ ጽፌለት እሺ ብሎኛል። እናንተ ቤት አልገባም። ለሜሜ ይህን አንቺ ንገሪያት፤ ታተ ኤራስተስ ከነገራት ደግሞ ያለቅሳል። «ትበላለች ወይ?» ላለችውም፣ ትበላለች በያት።

«ታረቅን ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልታረቅንም። በዚያች ቢሮ አንድ እውነት ተናግረሻል፤ ከዚያ በፊት ግን አራት ወር ዋሽተሽኛል፤ ሚዛኑ አልተስተካከለም። «አንቺስ?» አላልሽኝም ያልሽውን ግን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እውነትሽን ነው፤ አልጠየቅሁሽም። እስካሁንም ልጠይቅሽ አልተዘጋጀሁም። የምችልበት ቀን ሲመጣ እጽፍልሻለሁ፤ ካልመጣም እንዳትጠብቂኝ።

ደብተሩን አልመልሰውም። ሽፋኑ ላይ የጻፍሽውን ስሜን ግን በምላጭ ፋቅሁት፤ ጽሕፈቱ ያንቺ ነዋ። ወረቀቱ ትንሽ ሳሳ እንጂ አልተቀደደም። እዚያው ላይ፣ በራሴ እጅ እንደገና ጻፍኩት።

ንዳፓንዱላ ሃይምቦዲ